ከባለጸጋው ያልተሰበሰበ ግብር ከሠርቶ አደሩ ሌማት ይወሰዳል

የስሪ ላንካ የዕዳ ውድቀት ምን ያስተምራል?

አንድ መንግሥት ለማን እንደቆመና ማንን እንደሚፈራ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ መሪዎቹ በአደባባይ የሚያሰሙትን ንግግር ከማዳመጥ ይልቅ የግብር ሕጉንና የዕዳ መዝገቡን ቢመረምር ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል። ንግግር ለሁሉም ወገን እኩል ተስፋ ሊሰጥ ይችላል። የግብር ሕግ ግን ከማን እንደሚወሰድና ለማን እንደሚተው በቁጥር ለይቶ ይናገራል። የዕዳ መዝገቡም ዛሬ ሳይከፈል የታለፈው ሒሳብ ነገ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ያመለክታል።

ለዚህ አባባል ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የስሪ ላንካ የቅርብ ዓመታት ታሪክ ነው። 22 ሚልዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ይህች ደሴት ነጻ ትምህርትንና ነጻ ሕክምናን ከብዙ የእስያ አገሮች ቀድማ በማስፋፋቷ ስሟ በበጎ ሲነሳ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 12 ቀን 2022 መንግሥቷ የውጭ ዕዳውን መክፈል እንዳቆመ ለዓለም አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የውጭ ዕዳ 51 ቢልዮን ዶላር ያህል ነበር። ነጻነቷን ከተቀዳጀችበት ከ1948 ወዲህ ስሪ ላንካ ዕዳዋን መክፈል ሲሳናት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ውድቀት የተፈጥሮ ቁጣ ያመጣው መቅሠፍት አይደለም። በተከታታይ የሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጡ ፖለቲከኞች መክፈል ከሚችለው ወገን ግብር መሰብሰብን ፈርተው፣ ጉድለቱን በብድር፣ ብድሩን በሌላ ብድር፣ በመጨረሻም በገንዘብ ኅትመት ሲሸፍኑ የኖሩበት ጉዞ መጨረሻ ነው። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ያልተሰበሰበ ግብር የትም አይጠፋም፤ ጊዜውን ጠብቆ፣ ስሙን ለውጦ፣ ምንም ከሌለው ሕዝብ ይሰበሰባል።

ነገሩን በቅርብ ለመረዳት በየሰፈራችን ያለውን እድር መመልከት ይበቃል። የእድሩ ዳኛ በሚቀጥለው ምርጫ እንደገና ለመመረጥ ሲል ብዙ መክፈል የሚችሉትን አባላት መዋጮ ቢምር፣ ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ግን ድንኳኑና ንፍሮው መቅረት ስለማይችል ገንዘቡን ከአራጣ አበዳሪ ቢያመጣ፣ አባላቱ ለጊዜው ያመሰግኑት ይሆናል። አራጣ አበዳሪው ደጃፍ ላይ የቆመ ዕለት ግን የሚሸጠው የጋራው ድንኳንና የጋራው ወንበር ነው። መዋጮው የተማረለት ባለጸጋ ድንኳን መከራየት አያቅተውም። ያለ እድር ወገኑን በወግ መቅበር የሚሳነው ድሃው አባል ነው። በአገር ደረጃ የሚሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዕዳው እንዴት ተጠራቀመ?

ስሪ ላንካ በአንድ ሌሊት ባለዕዳ አልሆነችም። በ1990 ገደማ መንግሥቱ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን በታክስ ይሰበስብ ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ ይህ ድርሻ ወደ አንድ አስረኛ ወርዶ ተገኘ። በእነዚሁ ዓመታት ግን የአገሪቱ ኤኮኖሚ ሲያድግ፣ የልብስ ፋብሪካዎቿ ምርት በውጭ ገበያ ሲሸጥ፣ በኮሎምቦ ከተማም ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች ሲነሱ ነበር። ሀብት እየበዛ ሲሄድ ከሀብቱ ለጋራ ጉዳይ የሚውለው ድርሻ ግን እያነሰ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ መነሻ የሆኑት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ከ1978 ጀምሮ የውጭና የአገር ውስጥ ባለሀብቶችን ለመሳብ ሲባል ለዓመታት የሚዘልቅ የግብር እፎይታ ሲሰጥ ኖሯል። በ2008 የወጣው ሕግ ደግሞ መንግሥት «ስልታዊ» ብሎ ለሰየማቸው የልማት ሥራዎች እስከ 25 ዓመት የሚደርስ የግብር ነጻነት እንዲፈቀድ በር ከፈተ። ሥልጣን በተፈራረቁት ወገኖች መካከል የቃላት ጦርነት ቢኖርም፣ እፎይታ በማደሉ ረገድ ግን እምብዛም ልዩነት አልነበራቸውም። አንዱ የሰጠውን ሌላው መንፈግ አልደፈረም፤ ይልቁንም የራሱን ወዳጆች ጨመረበት።

ከዚህም ሌላ መንግሥቱ ይሰበስበው ከነበረው ታክስ ውስጥ አብዛኛው የሚገኘው ከትርፍና ከገቢ ሳይሆን ከሸቀጥ፣ ከአገልግሎትና ከጉምሩክ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ታክስ ባሕርይ የታወቀ ነው። በሳሙና፣ በዘይት፣ በነዳጅ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚመጣ ከፋዩ መክፈሉን እንኳ ሳያውቅ ይከፍላል። የሻይ ቅጠል ለቃሚዋም የሆቴል ባለቤቱም በአንድ ኪሎ ስኳር ላይ የሚከፍሉት እኩል ነው። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ ከለቃሚዋ የቀን ደመወዝ ላይ የሚቆርሰው ትልቅ እራፊ ሲሆን፣ ከሆቴል ባለቤቱ ገቢ ላይ የሚነካው ግን አይታይም።

በሌላ በኩል የመንግሥቱ ወጪ አልቀነሰም። ከ1983 እስከ 2009 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ከፍተኛ ሀብት በልቷል። ከጦርነቱ በኋላም መንገድ፣ ወደብና የአውሮፕላን ማረፊያ በብድር ተገነቡ። በ1997 አገሪቱ ከድሃ አገሮች ተራ ወጥታ ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ካላቸው ስለተመደበች፣ ወለዱ ዝቅተኛና የመክፈያ ጊዜው ረጅም የሆነው ብድር እያነሰ መጣ። በ2007 መንግሥቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ገበያ ቦንድ አውጥቶ 500 ሚልዮን ዶላር ተበደረ። ወለዱ በዓመት 8.25 በመቶ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ብድር ከቀድሞው በእጅጉ ይለያል። ለልማት የሚሰጠው የረጅም ጊዜ ብድር በብዙ ዓመታት ተከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ ይመለሳል። የቦንድ ዕዳ ግን ወለዱ በየስድስት ወሩ ሲከፈል ቆይቶ ዋናው ገንዘብ በአንድ ቀን ተጠቃሎ ይጠየቃል። ያ ቀን ሲደርስ ስሪ ላንካ ከካዝናዋ አውጥታ ከመክፈል ይልቅ አዲስ ቦንድ እየሸጠች የአሮጌውን ትከፍል ነበር። ከውድቀቱ በፊት ከጠቅላላው የውጭ ዕዳ ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጠው በእነዚህ ቦንዶች የተያዘ ነበር። ስለሆነም መላው ዕዳ በቻይና ወጥመድ የመጣ ነው የሚለው በሰፊው የተሰራጨ አባባል ከቁጥሩ ጋር አይገጥምም። የቻይና ድርሻ በሰፊው ሲቆጠርም ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ ነበር።

በእርግጥ የሐምባንቶታ ወደብ በ2017 ለአንድ የቻይና ኩባንያ ለ99 ዓመታት በ1.12 ቢልዮን ዶላር መከራየቱ የብዙ ዜጎችን ክብር የነካ ነገር ነው። ነገር ግን የተገኘው ገንዘብ የወደቡን ዕዳ ለመሰረዝ አልዋለም፤ የመነመነውን የውጭ ምንዛሪ ክምችት ለማጠናከር ገባ። በጥቅሉ ሲታይ ወደቡን ያሳጣው፣ ግብር መሰብሰብ ያቃተው ካዝና ያለማቋረጥ ዶላር ፈላጊ መሆኑ ነው።

የ2019 የግብር ምሕረት

በ2016 የስሪ ላንካ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ስምምነት አድርጎ የተጨማሪ እሴት ታክስን ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አዲስ የገቢ ግብር ሕግ አወጣ። በ2017 እና በ2018 የወለድ ክፍያ ሳይታሰብ የመንግሥቱ ገቢ ከወጪው በጥቂቱ በልጦ ታየ። ይህ ግን በሕዝቡ ዘንድ አልተወደደም። የኑሮ ውድነቱን ያየው መራጭ ግብሩ ምን ላይ እንደዋለ አላየም፤ ያስረዳውም አልነበረም።

ይህን ቅሬታ ጎታባያ ራጃፓክሳ ለምርጫ ቅስቀሳ ተጠቀሙበት። ግብሩን በሰፊው እንደሚቀንሱ ቃል ገብተው በኖቬምበር 2019 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚያን ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ማንጋላ ሳማራዊራ ይህ ቃል በሥራ ላይ ቢውል አገሪቱ ለኪሳራ እንደምትዳረግ ከምርጫው በፊት በይፋ አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን የተሸናፊ ወገን ስጋት ተደርጎ ታለፈ።

አዲሱ መንግሥት ሥልጣን በያዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ከዲሴምበር 2019 መጀመሪያ አንስቶ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 8 በመቶ አወረደ። ለዚህ ታክስ የመመዝገብ ግዴታ ያለበት ድርጅት ቀደም ሲል በዓመት 12 ሚልዮን ሩፒ የሚሸጥ ሲሆን፣ ወለሉ ወደ 300 ሚልዮን ሩፒ ከፍ አለ። በዚህም እጅግ ብዙ ነጋዴዎች ከመዝገብ ወጡ። ለአገር ግንባታ በሚል ስም ይሰበሰብ የነበረው የ2 በመቶ ታክስ ተሰረዘ። የኩባንያዎች መደበኛ የትርፍ ግብር ከ28 ወደ 24 በመቶ፣ የግለሰብ ገቢ ከፍተኛው መጣኔ ከ24 ወደ 18 በመቶ ዝቅ አለ። ከደመወዝ ላይ በግዴታ ተቆራጭ የሚሆነው ግብርም ቀረ።

ሠራተኛው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። ከደመወዝ ላይ ግብር መቅረቱ ለሠራተኛ የተደረገ ውለታ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በዓመት ከ1.2 ሚልዮን ሩፒ በታች የሚያገኘው ብዙኃኑ ሠራተኛ ከመጀመሪያውም የገቢ ግብር አይከፍልም ነበር። ከምሕረቱ ዋና ተጠቃሚ የሆኑት ከፍተኛ ደመወዝተኞች፣ ባለ ትርፍ ኩባንያዎችና ከመዝገብ የወጡት ትልልቅ ነጋዴዎች ናቸው። ለድሃው የተረፈው በሸቀጥ ዋጋ ላይ የታየው ጥቂት ቅናሽ ሲሆን እሱም ብዙ አልቆየም።

ውጤቱ ፈጥኖ ተገለጠ። በ2019 ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ከ11 በመቶ በላይ የነበረው የታክስ ገቢ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በታች ወረደ። በ2020 እና በ2021 መንግሥቱ ካገኘው ከመቶ ሩፒ ገቢ ውስጥ ከ70 ሩፒ በላይ የሚሆነው ለወለድ ብቻ ወጣ። በተቀረው ገንዘብ የመምህሩን፣ የነርሷንና የወታደሩን ደመወዝ ከፍሎ፣ መድኃኒትና ነዳጅ ገዝቶ መዝለቅ እንደማይቻል ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። የውጭ የገንዘብ ገበያም ይህን አይቶ በ2020 በሩን ዘጋ። አሮጌውን ቦንድ በአዲስ ቦንድ የመክፈል ዘዴ በዚያው አከተመ።

ውስጣዊ ምክንያትና ውጫዊ ሁኔታ

የውድቀቱ ተጠያቂዎች ሦስት ሰበቦችን ደጋግመው ያቀርባሉ። የመጀመሪያው በኤፕሪል 2019 በትንሣኤ በዓል ዕለት በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች ላይ የተፈጸመው፣ ከ260 በላይ ሰዎችን የገደለው የቦምብ ጥቃት ነው። ሁለተኛው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። ሦስተኛው በ2022 መጀመሪያ የተቀሰቀሰው የዩክሬን ጦርነት በነዳጅና በእህል ዋጋ ላይ ያስከተለው ንረት ነው። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ መከራዎች ናቸው። በ2018 ከ4 ቢልዮን ዶላር በላይ ያስገኘው የቱሪዝም ገቢ በ2021 ወደ ግማሽ ቢልዮን ገደማ መውረዱ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሆኖም ውጫዊ ሁኔታንና ውስጣዊ ምክንያትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ወረርሽኙ የመላው ዓለም ሲሆን፣ ቱሪዝም የደረቀባቸው አገሮች ሁሉ ግን ዕዳ መክፈል አላቆሙም። ነፋስ ሥሩ የበሰበሰውን ዛፍ ቢጥል ጥፋቱ የነፋሱ ብቻ አይሆንም። ከሁሉም በላይ የግብር ምሕረቱ የታወጀው ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ነው። ወረርሽኙ መጥቶ ካዝናው መራቆቱ ከታየ በኋላም እንኳ ምሕረቱ አልተሻረም።

ይልቁንም አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት መሸፈን ቀጠለ። በ2021 መንግሥቱ ዝግጅት ሳይደረግበት ኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት የሕዝብ ጤና ቢሆንም፣ ለማዳበሪያ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ማዳንም ከጉዳዩ አልራቀም። የሩዝና የሻይ ምርት ክፉኛ ተጎዳ፤ በኖቬምበር 2021 ክልከላው በአብዛኛው ሲነሳ ግን ገበሬው የዘር ወቅቱን አጥቶ ነበር። ሩዝ ከውጭ መግዛት ግድ ስለሆነ ይድናል የተባለው ዶላር በሌላ በር ወጣ።

እንደዚሁም የሩፒው ዋጋ በአንድ ዶላር 200 ገደማ ላይ ተቸንክሮ ተያዘ። በዚህ ጊዜ በዐረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩት የስሪ ላንካ እናቶችና እህቶች፣ እንደ ብዙዎቹ የእኛ አገር ልጆች፣ የላባቸውን ዋጋ በባንክ ከመላክ ይልቅ የተሻለ በሚከፍለው በጥቁር ገበያ መላክን መረጡ። በ2020 በባንክ በኩል የገባው 7.1 ቢልዮን ዶላር በ2022 ወደ 3.8 ቢልዮን አሽቆለቆለ። እነዚያን ሴቶች መውቀስ ተገቢ አይደለም። መንግሥት ራሱ ያላመነበትን ዋጋ እነርሱ እንዲያምኑለት መጠበቁ ነው ስሕተቱ።

አበዳሪዎቹም ከተጠያቂነት ነጻ አይደሉም። ቦንድ ገዢው ከፍተኛ ወለድ የሚጠይቀው ገንዘቤ ላይመለስ ይችላል በሚል ስጋት ነው። ስጋቱ እውን በሆነ ጊዜ ግን ለስጋቱ ሲከፈለው እንደኖረ ዘንግቶ ሙሉውን ልቀበል ይላል። በ2022 አንድ ባንክ ስሪ ላንካን በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት መክሰሱ ይህንኑ ያሳያል። ይሁን እንጂ አበዳሪ ባለበት ሁሉ ተበዳሪ አለ። የሰፊውን ሕዝብ ስም ጠርቶ የተበደረው ገዢ ወገን የራሱን ጥፋት ሁሉ በባዕድ ላይ ጭኖ ከታሪክ ፍርድ ሊያመልጥ አይችልም።

ግብሩ በሌላ ስም ተሰበሰበ

ግብር ያልሰበሰበ፣ ብድርም ያጣ መንግሥት አንድ መንገድ ይቀረዋል፤ እሱም ገንዘብ ማተም ነው። የስሪ ላንካ ማዕከላዊ ባንክ የመንግሥቱን የዕዳ ሰነዶች እየገዛ አዲስ ገንዘብ በኤኮኖሚው ውስጥ ረጨ። ይህም ፓርላማ ያላጸደቀው፣ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ግብር ነው። ባለጸጋው ሀብቱን በቤት፣ በመሬት፣ በወርቅና በዶላር ስለሚያስቀምጥ ከዚህ ግብር ያመልጣል። ደመወዙን በሩፒ የሚቀበለውና ቁጠባው ጥቂት ጥሬ ገንዘብ የሆነው ሠራተኛ ግን ማምለጫ የለውም።

በጃንዋሪ 2022 መንግሥቱ ከመነመነው ክምችት ላይ 500 ሚልዮን ዶላር አውጥቶ ለቦንድ ባለቤቶች ከፈለ። በ2019 መጨረሻ 7.6 ቢልዮን ዶላር የነበረው የውጭ ምንዛሪ ክምችት በዚያን ጊዜ ተሟጦ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነዳጅና የማብሰያ ጋዝ ጠፋ። በማርች ወር በነዳጅ ሰልፍ ላይ ለሰዓታት የቆሙ አረጋውያን ወድቀው ሞቱ። ለፈተና የሚሆን ወረቀት በመታጣቱ በምዕራባዊው ክፍለ አገር የተማሪዎች ፈተና ተላለፈ። መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ጠፋ። በሆስፒታሎች የመድኃኒት እጥረት ተከሰተ።

የሩፒው ዋጋ በማርች 2022 ከተለቀቀ በኋላ በሁለት ወር ያህል ጊዜ አንድ ዶላር ከ350 ሩፒ በላይ ሆነ። በሴፕቴምበር 2022 በኮሎምቦ የዋጋ ንረቱ ወደ 70 በመቶ ሲጠጋ፣ የምግብ ዋጋ ንረት ብቻውን ወደ 95 በመቶ ደረሰ። ባለፈው ዓመት በ100 ሩፒ የተገዛው እህል ወደ 195 ሩፒ ገባ ማለት ነው። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ምርት ከ7 በመቶ በላይ ቀነሰ። በዓለም ባንክ ግምት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ። በ2019 ለባለጸጋው የተማረው ግብር የተከፈለው በዚህ መንገድ ነው።

ሕዝቡም ዝም አላለም። ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ሲንሃላውም፣ ታሚሉም፣ ሙስሊሙም በአንድነት አደባባይ ወጣ። በሜይ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ማሂንዳ ራጃፓክሳ ሥልጣን ለቀቁ። ጁላይ 9 ቀን ሕዝቡ የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ያዘ፤ ወንድማቸው ፕሬዚዳንት ጎታባያም ከአገር ሸሽተው ሥልጣናቸውን አስረከቡ። በኖቬምበር 2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሦስተኛው ወንድማቸው ባሲልና ሁለት የማዕከላዊ ባንክ ገዢዎች የነበሩ ሰዎች፣ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር፣ ለኤኮኖሚው ውድቀት አስተዋጽኦ በማድረግ የሕዝብን አደራ እንዳጎደሉ በአብላጫ ድምፅ ፈረደ። ፍርዱ የግብር ቅነሳውንና ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር ለመነጋገር የታየውን መዘግየት በጥፋትነት መዝግቧል። የፖሊሲ ስሕተት በፍርድ ቤት ሲዳኝ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሆኖም ፍርዱ ለከሳሾቹ ወጪ እንዲከፈል ከማዘዝ አላለፈም፤ የተራበውንም ሕዝብ አልካሰም።

ከውድቀቱ በኋላ ማን ከፈለ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በ2019 የተጣለው ግብር ከውድቀቱ በኋላ በጥድፊያ ተመለሰ። የተጨማሪ እሴት ታክስ በጁን 2022 ወደ 12፣ በሴፕቴምበር ወደ 15፣ በጃንዋሪ 2024 ወደ 18 በመቶ ወጣ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በኦገስት 2022 በአማካይ በ75 በመቶ፣ በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ በ66 በመቶ ተጨመረ። በማርች 2023 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ወደ 3 ቢልዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር አጸደቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ቢባል ኖሮ፣ የቀድሞው 15 በመቶ ባልተነካ፣ 18 በመቶም ባልመጣ ነበር።

ለሠራተኞች ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የአገር ውስጥ ዕዳ ሽግሽግ ነው። በ2023 አጋማሽ መንግሥቱ በሩፒ ከተበደረው ዕዳም ላይ ለመቀነስ ወሰነ። ከግምጃ ቤት ቦንዶች መካከል የሽግሽጉ ዋና ሸክም የተጫነው በሠራተኞች የጡረታና የቁጠባ ፈንዶች ላይ ነበር። ፈንዶቹ የያዙትን ቦንድ ወለዱ ባነሰና ጊዜው በረዘመ ቦንድ እንዲለውጡ፣ እምቢ ቢሉ ከ14 በመቶ ይልቅ 30 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ ተደረገ። ባንኮች ከዚህ የቦንድ ልውውጥ ነጻ ሆኑ። የተሰጠው ምክንያት ባንኮቹ ቢናጉ የአስቀማጩ ገንዘብ ይጠፋል፣ ከፍተኛ ግብርም ይከፍላሉ የሚል ነው። ክርክሩ ፍሬ የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በልብስ ፋብሪካ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሴት የጡረታ ጥሪቷ ለ2019ኙ ምሕረት መዋጮ ሆኖ ሲቆረጥ፣ ያን ምሕረት የተቀበለው ወገን የተቀበለውን እንዲመልስ አልተጠየቀም።

በሴፕቴምበር 2024 ሕዝቡ የቀድሞዎቹን ሁሉ ትቶ፣ መነሻው ከግራ ክንፍ ንቅናቄ የሆነውን አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። በኖቬምበሩ የፓርላማ ምርጫም ወገናቸው ከ225 መቀመጫዎች 159ኙን አገኘ። አዲሱ መንግሥት ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር የተደረሰውን ስምምነት አልቀደደም። ይልቁንም በዚያው ማዕቀፍ ውስጥ ሆኖ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከግብር ነጻ የሚሆነውን የወር ደመወዝ ከ100,000 ወደ 150,000 ሩፒ ከፍ አደረገ። ካዝናው ከተራቆተ በኋላ ሥልጣን የሚይዝ መንግሥት፣ ዓላማው ምንም ቢሆን፣ የሚንቀሳቀስበት ሜዳ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ይህ ጉዳይ ከአገራችን የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2014 በዓለም አቀፍ ገበያ 1 ቢልዮን ዶላር በቦንድ ተበድራለች። በዲሴምበር 2023 የዚሁ ቦንድ ወለድ 33 ሚልዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ፤ መንግሥትም ይህን ያደረገው አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት እንደሆነ ገለጸ። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢልዮን ዶላር ብድር ጸደቀ። የሁለቱ አገሮች ሁኔታ አንድ ነው ማለት ባይቻልም፣ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያም የታክስ ገቢ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ከ10 በመቶ በታች ነበር። ስለዚህ ከማን ይሰበሰባል የሚለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ቁም ነገሮችን መጨበጥ ይገባል። አንደኛ፣ ግብር እቀንሳለሁ የሚል ፖለቲከኛ ሁሉ የሕዝብ ወዳጅ አይደለም። የተቀነሰው የማን ግብር እንደሆነና ጉድለቱ በምን እንደሚሞላ እስካልተናገረ ድረስ ንግግሩ አድርባይነት ነው። ሁለተኛ፣ ግብር እጨምራለሁ የሚልም በዚህ ብቻ ቆራጥ አይባልም። ጭማሪው በዘይትና በዳቦ ላይ ወድቆ ትርፍንና ሕንጻን ከዘለለ ያው የድሃው ሌማት ነው የሚቀነሰው። ሦስተኛ፣ በሕዝብ ስም የሚፈረም የብድር ውል፣ ለባለሀብት የሚሰጥ የግብር እፎይታም ጭምር፣ በይፋ ሊታወቅ ይገባል። ሕዝቡ ያላወቀውን ዕዳ ሲከፍል ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

የስሪ ላንካ ፖለቲከኞች ሒሳቡን ሳያውቁ አልተሳሳቱም። አስጠንቃቂ ነበራቸው፤ ቁጥሩም በእጃቸው ነበር። ያነሳቸው ነገር፣ ግብር የሚጠየቀው ባለጸጋ ዛሬ ቅር ቢለው ምርጫ ያበላሻል፣ ዕዳውን የሚከፍለው ድሃ ግን ገና ነገ ነው የሚያውቀው የሚል ስሌት ነው። ይህን ስሌት ማፍረስ የሚቻለው ነገ ከፋይ የሚሆነው ወገን ዛሬውኑ ሲጠይቅ ብቻ ነው። በቀበሌው ስብሰባም ሆነ በሠራተኛ ማኅበሩ ጉባኤ ስለ በጀት ሲነሳ፣ ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው ብሎ ዝም ማለት አይገባም። የሚተወው ግብር የማን ነው? የሚመጣው ብድር መቼ ይከፈላል? በማንስ ላብ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንስቶ ግልጽ መልስ እስኪያገኝ ድረስ መጠየቅ የእያንዳንዱ ሠርቶ አደር መብትም ግዴታም ነው።